የክሩ ግማሽ

ልጁ የወደቀው ከቡና ሻጯ ምድጃ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር። ኅዳር ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ፣ አይከል መናኸሪያ አጠገብ። ከመተማ የመጣው መኪና ተሳፋሪውን አራግፏል፤ ወደ ጎንደር የሚሄደው ሚኒባስ ገና አልሞላም። ረዳቱ «አንድ ሰው! የቀረው አንድ ሰው!» እያለ ይጮሃል፤ ውስጡ ግን ግማሹ ባዶ ነው። እኔ እኅቴን ጠይቄ ስመለስ ነበር። ከቡና ጠጪዎቹ ጋር በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሁለተኛውን ስኒ እጠብቃለሁ። ልጁ ከመኪናው ወርዶ ጥቂት እንደ ተራመደ የያዘውን ማዳበሪያ መሬት ላይ አኖረ፤ ግድግዳ ለመያዝ እጁን ዘረጋ፤ ሳይዘው ጉልበቱ ከዳው።

«ሰክሮ ነው» አለ ከአጠገቤ የተቀመጠው።

«ከበረሃ ሲመለሱ እንዲህ ናቸው፤ የለፉበትን እዚያው ጠጥተውት ይመጣሉ» አለ ሌላው።

እኔ ምንም አላልሁም። ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ በልቤ ሰክሮ ነው ካሉት ጋር ነበርሁና።

ቡና የምታፈላዋ ሴት ረከቦቱን ገፋ አድርጋ ተነሣች። አጠገቡ ተንበርክካ መዳፏን ግንባሩ ላይ አሳረፈች። «ይኼ ልጅ እሳት ሆኗል! ውኃ አቀብሉኝ» አለች። የለበሰው ስስ ካናቴራና ቁምጣ፣ የተጫማው ኮንጎ ጫማ ነው። አይከል ደግሞ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል የሚነሣው ነፋስ ምሕረት የለውም። ከትከሻዋ ላይ ጋቢዋን አወረደችና አለበሰችው።

«ከየት ነህ የኔ ልጅ?»

«ከበለሳ ነኝ እማየ።»

«ምንህን ነው የሚያምህ?»

መልስ ሳይሰጥ ካናቴራውን ገለበ። ሰውነቱ አጥንቱ እስኪቆጠር ከስቷል፤ ከግራ ጎኑ በታች ግን ሆዱ ተነፍቷል። ሁለት ወር ሙሉ ወባ ነው እየተባለ ክኒን ሲውጥ ከርሟል። ሴትዮዋ መቀነቷን ፈታች፤ ከቋጠሮው ብር አወጣችና ለረዳቱ ሰጠችው። «በእመቤቴ ይዤሃለሁ! ሆስፒታሉ በር ላይ ሳታደርሰው እንዳትመለስ» አለችው። ልጁን ደግፈው አሳፈሩት። ጋቢው አብሮት ሄደ። ሁሉም ነገር አንድ ጀበና እስኪፈላ በሚወስደው ጊዜ ውስጥ አለቀ። እሷም እጇን ታጠበችና ተመልሳ ሁለተኛውን ስኒ ቀዳችልኝ።

የልጁ ሕመም ካላዛር ነበር። መተማና ሁመራ ወርዶ የማያውቅ የደጋ ሰው ይህን ስም እንኳ ላይሰማው ይችላል። የምታስተላልፈው ዓይን በቀላሉ የማያያት ትንሽ የአሸዋ ዝንብ ናት፤ የምትነክሰውም ሌሊት ነው። የቀን ሠራተኛው ሰሊጥ ሲያርምና ሲያጭድ ውሎ ማታ ከግራር ሥር፣ በተሰነጣጠቀው የዋልካ መሬት ላይ ያለ አጎበር ይተኛል። ዝንቧም የምትራባው በዚያው ስንጥቅ ውስጥ ነው። ትኩሳቱ ሳምንታት ይቆያል፤ ሰውየው ይመነምናል፤ ጣፊያው ያብጣል፤ ደሙ ያንሳል። ካልታከመ መጨረሻው በአብዛኛው ሞት ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውስጥ ለዚሁ በሽታ የተቋቋመ የሕክምናና የምርምር ማዕከል አለ፤ ሁለት ዓይነት መርፌ ለ17 ቀን ተወግቶ ብዙው ሰው ድኖ ይወጣል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ በሞትና በመዳን መካከል ያለው ልዩነት መድኃኒት መኖርና አለመኖሩ አይደለም። ሰውየው ማዕከሉ ድረስ የሚያደርሰው መሳፈሪያ ማግኘቱና አለማግኘቱ ነው። ከአይከል ጎንደር ስልሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያን ዕለት ማታ በዚያ ልጅና በሕይወቱ መካከል የነበረው ይኸው ርቀት ነው።

በሽታው የቆላ ብቻ ሆኖ እንደማይቀርም አይተነዋል። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ውስጥ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ መጀመሪያ የታሰበው መድኃኒት የማይበግረው ወባ ገባ ተብሎ ነው። ኋላ ሲመረመር ካላዛር ሆነ፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ላይ የሕክምና ጣቢያ ከፈቱ። ሐኪሞቹ እንደሚሉት በሽታው ደጋ የወጣው ከመተማና ከሁመራ ሥራ በተመለሱ ሰዎች ሳይሆን አይቀርም። መናኸሪያ ላይ የወደቀን የማናውቀውን ሰው «የሰው ነገር ምን አገባኝ» ብሎ ማለፍ እንዴት ያለ ስሕተት እንደ ሆነ ሊቦ ከምከም ይናገራል።

አይከል የመንገድ ከተማ ናት። ከጎንደር ወደ መተማ የሚወርድ ሁሉ እሷን ሳይረግጥ አያልፍም፤ ከእሷ በኋላ መንገዱ ነጋዴ ባሕርን አልፎ ወደ ገንዳ ውኃ ይዘቀዘቃል። አይከል ያለችበት ጭልጋ በጎንደር ነገሥታት ዘመን የስናር ነጋዴዎች በር ነበረች። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1699 አድያም ሰገድ ኢያሱን ለማከም የመጣው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ የገባው በዚሁ አቅጣጫ ነው። ጎንደር ሳይደርስ ታሞ መንገድ ላይ ቆየ፤ አብሮት የነበረው ቄስ ደግሞ ከተማዋን ሳያይ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ይህ መንገድ የታመመ መንገደኛ ያልሄደበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም። በ1977ቱ ድርቅ ስንቱ ወገናችን ገዳሪፍ ድረስ በእግሩ ወርዶ የሱዳን ሰው አስጠለለው። በሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ሱዳኖች ልጆቻቸውን ይዘው በመተማ ዮሐንስ በኩል ወደ እኛ መጡ። መንገዱ ያው ነው፤ የዛሬው አስጠላይ ነገ ተጠላይ ሆኖ ይመጣበታል።

አያቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ለዚህም ነው መንገደኛ ሲመሽበት ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» የሚለው፤ ባለቤቱም «ቤት የእግዜር ነው፤ ይግቡ» የሚለው። ማንነቱን መጠየቅ እግሩ ከታጠበ፣ እራቱን ከበላ በኋላ ነበር። አሁን ይኼ ልማድ እየሳሳ ነው፤ በሰው ክፋት ብቻ የሳሳ ግን አይመስለኝም። በዚህ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአካባቢያችን የተኩስ ድምፅ ያልሰማ ቀበሌ አለ ለማለት ይቸግራል። እገታ የሚሉት መዓት ከመጣ ወዲህ ደግሞ ማታ በር ሲንኳኳ እናት ልጇን ታቅፋ መብራት ታጠፋለች። ይህን ፍርሃት አልኮንንም፤ እኔም ቤት አለ። ግን ፍርሃቱ ማንን ደጅ እንዳሳደረ ማየት ይገባናል። አጋቹ ማደሪያ ለምኖ አያውቅም። ደጅ የሚያድረው ያ ካናቴራ ለባሹ ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። በዓመቱ ሰኔ ላይ፣ ለአረም ወደ ቆላ ሲወርድ፣ ከመኪና ወርዶ በቀጥታ ወደ ሴትዮዋ መጣ። እኔ አልነበርሁም፤ የነገረችኝ እሷ ናት። መጀመሪያ አላወቀችውም፤ ሥጋ ለብሷል፤ ጉንጩ ሞልቷል። ያወቀችው ጋቢዋን ነው። አጥቦ፣ አጥፎ፣ በፌስታል ይዞላት መጣ። ከጋቢው ውስጥ የከፈለችለትን መሳፈሪያ አወጣና ዘረጋላት።

«አልቀበልም!» አለችው፤ «ለጽድቄ ያደረግሁትን ልትገዛኝ ነው?»

እምቢ ብላ ስትገፋው፣ እሱም መልሼ አልወስድም ብሎ ሲሟገት ቆየና አንድ ነገር አለ። «እንግዲያስ እማየ፣ ለእኔ ያዢልኝ። ስመለስ እንደዚያው ብሆን መሳፈሪያ ይሆነኛል።»

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህች ዐረፍተ ነገር ነው። አብረውት የነበሩት አራት ጓደኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቆላ የወረደ ሰው ሲወጣ ምን ይዞ እንደሚወጣ አያውቅም። አሠሪው የሠራበትን ሊከለክለው ይችላል፤ ሌባ ሊዘርፈው ይችላል፤ ንዳድ ሊጥለው ይችላል። ባዶ እጁን የወጣ ሰው አይከል ሲደርስ ከዚያ ወዲያ ቤቱ የሚያደርሰው የለውም። አራቱም ከኪሳቸው የመመለሻቸውን አውጥተው ሰጧት። አንዱ የአዘቦት ያልሆነ ሹራቡን ጨምሮ ሰጠ፤ ሲመለስ የሚለብሰው።

እሷ ማንበብና መጻፍ አትችልም። የአምስት ሰው አደራ እንዴት አድርጋ ትለይ? ከገበያ የጥልፍ ክር ገዛች። ለያንዳንዱ ሁለት ቀለም መርጣ ትገምድና በግማሹ ብሩን በጨርቅ ጠቅልላ ታስረዋለች፤ ሌላውን ግማሽ ለባለቤቱ ትሰጠዋለች። ክሩን በመቀስ አትቆርጠውም፤ በጥርሷ ትበጥሰዋለች። መቀስ የቆረጠው ጫፍ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ በጥርስ የተበጠሰ ግን እያንዳንዱ የራሱ የሆነ ብጥስጥስ አለው፤ ከመንታው ጋር ብቻ ነው የሚገጥመው። ክርስቲያኑ ግማሹን ማተቡ ላይ ያስረዋል፤ ሙስሊሙ ቀበቶው ላይ ወይም እጁ ላይ። ይህን ያስተማራት የለም። እጇ ላይ እያገላበጠች ስታሳየኝ የትልቅ ቢሮ ማኅተም ያየሁ መሰለኝ።

በሚቀጥለው ዓመት የመጡት አምስት አልነበሩም። የበለሳው ልጅ ላገኘው ሁሉ እየነገረ ይወርዳል። ከደባት፣ ከጋይንት፣ ከሊቦ ከምከም የመጡ ልጆች ሴትዮዋን እየጠየቁ ይመጣሉ። የእንጨት ሳጥኗ ሞላ። ጥቅልሉ ከአልጋ ሥር ገባ። በጥቅምትና በኅዳር ሲመለሱ ጤነኛው ክሩን አውጥቶ ያጋጥማል፤ ብሩን ተቀብሎ ቡና ጠጥቶ ይሄዳል። ታሞ የመጣውን ደግሞ እሷ ትለየዋለች፤ «ካናቴራህን ግለብ» ትለዋለች፤ ግራ ጎኑን በመዳፏ ትዳስሳለች። ሐኪም ነኝ አትልም። ብቻ «ወባ ነው አትበል፤ ሆስፒታል ሄደህ ተመርመር» ትላለች። በእመቤቴ ተይዞ የነበረው ረዳት ዛሬ ሹፌር ሆኗል፤ ሳትለምነው የታመመውን ጋቢና አስቀምጦ ይወስዳል።

ሰው «ደግ የሠራ ደግ ያገኛል» ይላል። እሷ ምን እንዳገኘች ልንገራችሁ። ጎረቤቶቿ ቡና ሻጮች «በሽታ ሰብሳቢ» የሚል ስም አወጡላት። ደንበኞቿ የታመመ ሰው የተኛበት ቦታ ስኒ አንይዝም ብለው ራቁ፤ ካላዛር በስኒ እንደማይተላለፍ የነገራቸው የለም። አንዳንዱ ደላላ ናት፣ ከልጆቹ ትቆርጣለች አለ። እገታው ሲብስ ደግሞ የባሰው ወሬ ተነሣ፤ «የማይታወቅ ሰው ብር የምታስቀምጠው ለምንድን ነው?» ተባለ። ስሙን መጥራት የማልፈልገው አንድ መሥሪያ ቤት አስጠራት። ሳጥኗን በራሷ ተሸክማ ሄደችና ጠረጴዛው ላይ ከፈተችላቸው። ጥቅልሉን አንድ በአንድ ፈቱ። በእያንዳንዱ ውስጥ ከአይከል ቤት የምታደርስ ትንሽ ብር ነበረች እንጂ ሌላ የለም። ሂጂ አሏት። ጥቅልሎቹ ግን ተቀላቅለው ነበር፤ የትኛው ክር የትኛውን ብር እንዳሰረ ለይታ መልሳ እስክታስር ሦስት ሌሊት አልተኛችም።

ይህን ስሰማ የታወሱኝ ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና ናቸው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ወሎ፣ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሲሄዱ ረኀብ የጣለው ሕዝብ አጋጠማቸው። የያዙት ጥቂት ዳቦና ጠበል ነበር፤ እሱን አካፈሉ። የሞተች እናቱን ጡት የሚጠባ ሕፃን አይተው ማለፍ አቃታቸው፤ ያንን ልጅና ሌላ አንድ ልጅ ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ሆኑ። ያን ጊዜ ቡናና እህል በሚልክ ድርጅት ውስጥ ጥሩ ሥራ ነበራቸው፤ ቤትና ትዳርም ነበራቸው። ባለቤታቸው ከልጆቹና ከእኔ ምረጪ ሲሏቸው ልጆቹን መርጠው ከቤታቸው ወጡ። ዛሬ የምናውቀው በስማቸው የሚጠራው የሕፃናት ድርጅት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና ሳቢያ ሲያርፉ አገር አለቀሰላቸው። የሚቆጨኝ ግን ያ መካከለኛው ጊዜ ነው፤ ዳቦው ከተሰጠ በኋላ፣ ሽልማቱ ከመምጣቱ በፊት ያለው። ያን ጊዜ ብቻቸውን ነበሩ። እኛ አበባ ይዘን የምንደርሰው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው።

ለማናውቀው ሰው የሚደረግ ደግነት ጣጣ አለው፤ ይህን መሸፋፈን ደጉን ሰው መበደል ነው። አንድ የታመመ ስታነሣ ሌላ አሥር የታመመ በርህን ያገኛል። አደራ ስትቀበል የሰው ሁሉ ዓይን ያርፍብሃል። የአይከሏ ሴት ያደረገችው ትንሽ ነገር ነበር፤ የተከተለው ግን የከተማ ሥራ ነው። የከተማን ሥራ አንዲት ባለ ጀበና ብቻዋን ተሸክማዋለች።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ሠራተኛው በሚመለስበት ወቅት፣ መናኸሪያው ላይ አንድ ጤና ባለሙያ ይቀመጥ፤ ትኩሳቱ የቆየውንና ጎኑ ያበጠውን ለይቶ የሚልክ። ጥላ ያለው መቀመጫና የሚጠጣ ውኃ ይኑር። ስለ ካላዛር ድምፅ ማጉያ ይናገር፤ ትኬት ሻጩ ሲጮህበት የሚውለው ድምፅ ማጉያ ለዚህ አያንስም። ባንኮች ወቅቱ ሲደርስ ወደ መናኸሪያው ይውጡ። ልጆቹ ብራቸውን በክር የሚያስቀምጡት ባንክ ጠልተው አይደለም፤ ብዙዎቹ የቀበሌ መታወቂያ ሳያወጡ ከቤት ስለሚወጡ እንጂ። የፋይዳ መታወቂያ የሚመዘግቡ ሰዎች በሰኔ አይከል ቢሰነብቱ ስንቱ በስሙ የባንክ ደብተር ያወጣ ነበር።

እድሮቻችንንም እለምናለሁ። እድር የአባል ነው፤ አውቃለሁ፤ እኔም አባል ነኝ። መንገደኛ ግን እድር የለውም። ሲታመም የሚጠይቀው፣ ሲሞት ድንኳን የሚተክልለት የለም። የአይከል እድሮች በዓመት አንድ ጊዜ ከየአባሉ ጥቂት ሰብስበው «የመንገደኛ» የሚባል ሳጥን ቢያኖሩ መሳፈሪያው ከአንዲት ሴት መቀነት አይወጣም ነበር። ደግሞስ ከእኛ ቤት ቆላ ያልወረደ ልጅ ያለው ማን ነው? የእኛ ልጅ ገንዳ ውኃ ላይ ሲወድቅ ረከቦት ገፍታ የምትነሣለት ሴት እንድትኖር የምንመኝ አይደለንም?

ባለፈው ሳምንት ሳገኛት ስለ እሷ ልጽፍ እንደ ሆነ ነገርኋት። አልወደደችውም። ስሜን እንዳታወጣ፣ ቤቴንም እንዳትናገር አለችኝ፤ ቃሌን ሰጠኋት። ከዚያ ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ አንድ ጥቅልል ይዛ ነበር። ጨርቁ ደብዝዟል፤ ክሩ ግን እንደ ታሰረ ነው። ባለቤቱ ከወረደ ሁለት ክረምት አልፏል። ስሙን አልጠየቀችውም ነበር፤ ከጋይንት ነኝ እንዳለ ብቻ ታስታውሳለች፤ ቀጭን፣ ረዘም ያለ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ልጅ።

«መጻፍህ ካልቀረ ይኸን ጻፍልኝ» አለች። «ብሩ አለ በለው። ሹራቡም አለ፤ ብል እንዳይበላው በየጊዜው አሰጣዋለሁ።»

«ማንበብ ባይችልስ?» አልኋት።

«የሚያነብለት አይጠፋም።»

እንግዲህ ጽፌዋለሁ። ከጋይንት ወደ መተማ የወረደ፣ አይከል ላይ አደራ የሰጠ ልጅ ያለበትን የምታውቁ፣ ወይም ወንድማችሁ ከሆነ፣ ወይም አብራችሁት ሰሊጥ ያጨዳችሁ ከሆነ ንገሩት። እናት ወይም እኅት መጥታ እሱ የለም ብትል እንኳ ግማሹን ክር ይዛ ትምጣ፤ ሴትዮዋ ለእሷም ትሰጣታለች። የክሩን ቀለም አልጽፍም፤ እሱ ያውቀዋል።